አጽጂ ዓሣ ለማየት የት መሄድ ይሻላል? ከቀይ ባሕር እስከ ሃዋይ

መጀመሪያ ያየሁት እስራኤል ውስጥ፣ ቀይ ባሕር ዳር ባለችው ኤላት ነው። ከድልድዩ ጫፍ ወርጄ መነጽሬን አስተካከልኩና ፊቴን ውኃ ውስጥ ነከርኩ። ከፊት ለፊቴ አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ ጭራውን ወደ ታች አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ፀጥ ብሎ ቆሟል። የታመመ መሰለኝ። ወዲያው ከጉንጩ ሥር የሰው ጣት የምታክል፣ ሰማያዊ ሰውነቷ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረባት ዓሣ ብቅ አለች። ክንፉን ነካ ነካ አደረገች፤ ከቅርፊቱ ላይ የሆነ ነገር ለቀመች፤ ከዚያ አፉ ውስጥ ገባች። አልዋጣትም። ትንሽ ቆይታ በሰላም ወጣች። ከኋላ ሌሎች ሁለት ዓሦች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሕር ስወርድ ዓይኔ የሚፈልገው እነዚህን ነው። አጽጂ ዓሦች እንላቸዋለን። ሥራቸው የሌሎች ዓሦችን ቆዳ፣ አፍና ስንጥብ እየፈተሹ ተባይ መልቀም ነው። ከብት ጀርባ ላይ ተቀምጣ መዥገር የምትለቅመውን ወፍ አስቡ። ልዩነቱ አጽጂዋ ደንበኛ ፍለጋ አትዞርም። መንገድ ጥግ ሳጥኑን አስቀምጦ እንደሚጠብቅ ሊስትሮ የራሷ ቦታ አላት፤ ደንበኛው ራሱ ይመጣል። ይህ ቦታ የጽዳት ጣቢያ ይባላል።

የት ሄዳችሁ እንደምታዩ መምረጥ ግን ግራ ያጋባል። የጉዞ ማስታወቂያ ሁሉ ስለ ሻርክና ስለ ኤሊ ነው የሚያወራው። ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ መሰል ነገር) ያለበት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል። እንደዚያ አይደለም። ካሪቢያን የምታጸዳው ዓሣ ቀይ ባሕር ከምታጸዳው ጋር ዝምድናዋ በጣም ሩቅ ነው። የሃዋይዋን ደግሞ ሃዋይ ካልሄዳችሁ አታዩዋትም። በ2017 የወጣ አንድ ሳይንሳዊ ቅኝት በዓለም ዙሪያ 208 የዓሣ ዝርያዎችና 51 የሽሪምፕ ዝርያዎች ሲያጸዱ መታየታቸውን ቆጥሯል። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችን በፊት ምን እንደምንፈልግ እንወቅ።

በምን እንመዝን?

ለእኔ ትልቁ መስፈርት አጽጂው የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ነው ወይስ የትርፍ ሰዓት የሚለው ነው። ከ208ቱ ውስጥ አብዛኞቹ የትርፍ ሰዓት ናቸው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ብቻ ያጸዳሉ፤ ሲያድጉ ሌላ ምግብ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ሲመቻቸው ብቻ ለቀም አድርገው ይሄዳሉ። ኑሯቸውን በሙሉ በጽዳት ላይ የመሠረቱት ጥቂት ናቸው። ለተመልካች ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። የሙሉ ጊዜዋ ጣቢያ ዛሬም ነገም እዚያው ነው፤ መጥታችሁ ትጠብቃላችሁ። የትርፍ ሰዓቱን ግን በዕድል ነው የምታገኙት።

ሁለተኛው ጥልቀት ነው። በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻ ይታያል ወይስ የዳይቪንግ ፈቃድና የአየር ሲሊንደር ይጠይቃል? ይህ ወጪውን በቀጥታ ይወስነዋል።

ሦስተኛው ደንበኛው ማነው የሚለው ነው። አንዳንዱ ሰው ትንንሽ ዓሦች ሲጸዱ ማየት ይበቃዋል። አንዳንዱ ማንታ ሬይ (እንደ ምንጣፍ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ግዙፍ ዓሣ) ወይም ሻርክ በትንሽ ዓሣ ፊት ሲቆም ካላየ አይረካም። አራተኛ፣ እዚያ ቦታ ብቻ የሚገኝ ዝርያ አለ ወይ? አምስተኛው ደግሞ ከምትኖሩበት ያለው ርቀት ነው። አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቴል አቪቭና ዋሽንግተን ለሚኖር ሰው መልሱ አንድ ሊሆን አይችልም። በገንዘብ ዋጋ አልጻፍኩም። ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እርስ በርስ በማነጻጸር ብቻ አስቀምጫለሁ።

ቀይ ባሕር፦ ኤላትና ራስ መሐመድ

እዚህ የምታዩዋት በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተጠናችው አጽጂ ናት። ሳይንሳዊ ስሟ ላብሮይደስ ዲሚዲያተስ ነው። ትልቋ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ግዛቷ በጣም ሰፊ ነው፤ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ተነስታ በሕንድ ውቅያኖስ አድርጋ እስከ መካከለኛው ፓሲፊክ ድረስ ትገኛለች። ላብሮይደስ የሚባለው ወገን አምስት ዝርያዎች ብቻ አሉት፤ አምስቱም ኑሯቸው ጽዳት ነው።

ስለ እሷ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የምታዩትን ስታውቁ ማየቱ ራሱ ይለወጣል። የምትወደው ተባዩን ብቻ አይደለም። የደንበኛው ቆዳ ላይ ያለው ዝልግልግ ነገር ከተባዩ ይበልጥ ይጥማታል። ስለዚህ ሁልጊዜ ትፈተናለች። አንዳንዴ ትነክሳለች። ስትነክስ ደንበኛው ድንገት ሰውነቱ ይነዝራል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። የተናደደ ደንበኛ ያባርራታል ወይም ጥሏት ይሄዳል። ሌላ ደንበኛ እያየ ከሆነ ደግሞ ጨዋ ትሆናለች፤ ስሟ እንዳይጠፋ ትጠነቀቃለች። ይህ በ2006 በሙከራ ታይቷል። ከሩቅ የመጣ፣ ሌላ ጣቢያ መሄድ የሚችል ደንበኛ ከጎረቤት ደንበኛ ቀድሞ ይስተናገዳል። የሰፈር ባለሱቅ እንግዳ ሲመጣበት የሚያደርገውን ማለት ነው።

ቤተሰቧም ይገርማል። አንድ ወንድ ከበርካታ ሴቶች ጋር ይኖራል። ሴቷ ደንበኛ ነክሳ ካባረረች ወንዱ ተከትሎ ይቀጣታል። እሱ ሲሞት ደግሞ ትልቋ ሴት ወንድ ትሆናለች። ይህ ከ1972 ጀምሮ የታወቀ ነው። በ2019 የጃፓን ተመራማሪዎች መስታወት አሳይተዋት ጉሮሮዋ ሥር ያደረጉባትን ምልክት አይታ በአሸዋና በድንጋይ ልታስለቅቀው ሞከረች። ይህን የምታደርግ ዓሣ ከዚያ በፊት አልታወቀችም ነበር።

ቀይ ባሕር ሌላም የራሱ የሆነ አለው። ባለ አራት መስመሯ ላራቢከስ የምትገኘው በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ብቻ ነው። ልጅ ሳለች ታጸዳለች፤ ስታድግ ጽዳቱን ትታ ኮራል መብላት ትጀምራለች። ጥቁር ላይ ደማቅ ሰማያዊ መስመሮች ያሏት ትንሽ ዓሣ ስትለቅም ካያችሁ እሷን ነው ያያችሁት።

ከኤላትና ከራስ መሐመድ የቱ? ኤላት ለጀማሪ ነው። የኮራል ዳርቻው የተፈጥሮ ጥበቃ ቦታ ድልድዮች አሉት፤ ኮራሉን ሳትረግጡ ጥልቁ ጠርዝ ላይ ትወርዳላችሁ። ጣቢያዎቹ ሁለትና ሦስት ሜትር ላይ ናቸው። መዋኘት የማይችሉ እናትና አባት ይዛችሁ ከሄዳችሁ በአቅራቢያው ያለው የውኃ ውስጥ ማሳያ አለላችሁ። ደረጃ ወርዳችሁ በመስታወት መስኮት እውነተኛውን ባሕር ታያላችሁ። ውኃው በክረምትም ወደ 21 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቀዝ ይላል እንጂ ይቻላል።

ራስ መሐመድ ከ1983 ጀምሮ የግብፅ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ዓሣው ይበዛል፤ ደንበኞቹም ትልልቅ ናቸው። ግን ጀልባና ከበድ ያለ ሞገድ አለ። የዚህን ዓሣ ትርጉም ካረጋገጡት ጥናቶች አንዱ የተሠራው እዚህ ነው። በትንንሽ የኮራል ክምሮች ላይ አጽጂዋ ስትጠፋ ከ4 እስከ 20 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የዓሣው ዓይነት ቀንሷል። አጽጂ ስትጨመርባቸው ግን በሳምንታት ውስጥ ጨምሯል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጣቢያ አጠገብ ሳልፍ የእግሬን መቅዘፊያ ሰብስቤ፣ ቀስ ብዬ ነው የማልፈው።

ጅቡቲ፣ ዳህላክና ፉጃይራ

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የመጀመሪያው ባሕር ጅቡቲ ነው። በባቡርም በአውሮፕላንም ይደረሳል። አጽጂዋ ያችው ሰማያዊዋ ናት። ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ በመነጽር ብቻ ትታያለች። ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ ስለሚመጣ ብዙ ሰው በዚያ ወቅት ይሄዳል። አንድ ነገር ግን እወቁ። ዌል ሻርኩ የሚመጣው ውኃው ውስጥ ለሚንሳፈፈው ጥቃቅን ምግብ ነው፤ ያው ምግብ ውኃውን ያደበዝዘዋል። ሰሜን ቀይ ባሕር ላይ በርቀት የምታዩትን እዚህ ቀረብ ብላችሁ ነው የምታዩት። በበጋው የፈረንጆች ወራት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ያኔ አትሂዱ።

ዳህላክን የማይመኝ የለም። ከ100 በላይ ደሴቶች አሉት፤ ከምፅዋ ፊት ለፊት። ጉዞው ፈቃድና የተሟላ ጀልባ ይጠይቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያይ ሰው አልመክረውም።

በኤምሬትስ የምትኖሩ በቀጥታ ወደ ፉጃይራ ሂዱ። የዱባይና የአቡዳቢ ባሕር ጥልቀት የሌለው ስለሆነ በክረምት በጣም ይቀዘቅዛል፣ በበጋ እንደ ሻይ ይሞቃል፤ ኮራሉም ተጎድቷል። ፉጃይራ በኦማን ባሕረ ሰላጤ በኩል ስለሆነ ይሻላል። አል አቃ አጠገብ ያለችው ስኑፒ ደሴት ከባሕሩ ዳር በዋና ትደረሳለች። የዕረፍት ቀናችሁ አንድ ብቻ ከሆነ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። የኤላትን ያህል ቀለም አትጠብቁ፤ አጽጂዋ ግን አለች።

ካሪቢያንና ፍሎሪዳ

አትላንቲክ ውስጥ ላብሮይደስ የለም። አንድም። ሥራው ግን ክፍት ሆኖ አልቀረም፤ ሌላ ወገን ያዘው። እነዚህ ኒዮን ጎቢዎች ናቸው። ከ5 ሳንቲ ሜትር አይበልጡም። ጥቁር ሰውነት ላይ እንደ መብራት የሚያበራ ሰማያዊ ወይም ቢጫ መስመር አላቸው። ሰማያዊዋ አጽጂ እየዋኘች፣ እየጨፈረች ደንበኛ ትጠራለች። ጎቢዎቹ ግን ሁለትም ሦስትም ሆነው ኮራል ራስ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ደንበኛው መጥቶ አጠገባቸው ሲያርፍ ይወጡበታል።

ጠባያቸውም ይለያል። ከዝልግልጉ ይልቅ ተባዩን ይመርጣሉ። ስለዚህ ጥሉ ያንሳል። እውነቱን ለመናገር ቀይ ባሕር ላይ የለመደ ሰው መጀመሪያ እዚህ ይሰላቻል። ድራማው ያነሰ ነው። ግን ግሩፐር የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ አፉን ከፍቶ ሦስት ጎቢዎች ምላሱ ላይ ሲራመዱ ካያችሁ ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ።

የዓይነቱ ብዛት ደግሞ የካሪቢያን ትልቁ ሀብት ነው። ፍሎሪዳ ላይ ኤላካቲነስ ኦሺያኖፕስ አለች። ወደ ምሥራቅና ደቡብ ካሪቢያን ስትወርዱ አፍንጫዋ ላይ ቢጫ ምልክት ያላት ሻርክኖዝ ጎቢ ትተካታለች። ብራዚል የራሷ ጎቢ አላት፤ ኤላካቲነስ ፊጋሮ ትባላለች። ለአኳሪየም እየተያዘች ስለተመናመነች ሀገሪቱ በጥበቃ ሥር አድርጋታለች። ልጆቹ ፈረንሳይ ኤንጅልፊሽና ልጆቹ ስፓኒሽ ሆግፊሽ ደግሞ የትርፍ ሰዓት ያጸዳሉ። ከባሕር አበባው ሥር ረጅም ነጭ አንቴናዋን የምታወዛውዘው ፒደርሰን ሽሪምፕም አለች፤ ሰውነቷ እንደ መስታወት ያሳልፋል፤ ሐምራዊ ነጠብጣብ አላት።

በአሜሪካ ለምትኖሩ ኪ ላርጎ ያለው የጆን ፔኒካምፕ የኮራል ፓርክ ከሁሉም የቀረበ ነው። ፓስፖርት አያስፈልገውም፤ በጀልባ ወጥቶ በመነጽር ማየት ይቻላል። የፍሎሪዳ ኮራል ግን ቆስሏል። ከ2014 ጀምሮ ድንጋያማ ኮራሎችን የሚገድል በሽታ ተሰራጭቶበታል፤ በ2023 ደግሞ ኃይለኛ የባሕር ሙቀት መታው። አቅም ካላችሁ ደቡብ ካሪቢያን ያለችው ቦኔር ደሴት ትሻላለች። ዳርቻዋ ከ1979 ጀምሮ የባሕር ፓርክ ነው፤ ከመኪና ወርዶ በቀጥታ ውኃ መግባት ይቻላል፤ ጀልባ መከራየት አይጠይቅም።

ሃዋይ

ሃዋይ ከሁሉም ርቃ ብቻዋን የቆመች ናት፤ ዓሣዋም እንደዚያው። ሰማያዊዋ የተለመደችው አጽጂ እዚያ የለችም። በምትኩ ላብሮይደስ ፍቲሮፋገስ አለች፦ ፊቷ ቢጫ፣ መኻሏ ጥቁር፣ ጠርዟ ደማቅ ሐምራዊ። በዓለም ላይ የምትገኘው ሃዋይ ብቻ ነው። ለእኔ ከአምስቱ በመልክ የምትበልጠው እሷ ናት።

ሌላም አለ። በኮና ጠረፍ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ጽዳት ይመጣሉ። የሚያጸዷቸው ቢጫ ታንግና ሌሎች ሰርጅን ዓሦች ናቸው። ኤሊው ክንዶቹን ዘርግቶ ይቆማል፤ ዓሦቹ ከጀርባው ልባስ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ይግጡለታል። ዓሦቹ የሚጠቀሙት ሣሩን ነው፤ ኤሊው ግን ቀሎት ይሄዳል።

ታላቁ የአውስትራሊያ ሪፍ

ስለ ጽዳት የምናውቀው ግማሹ የመጣው ከዚህ፣ በተለይ ከሊዛርድ ደሴት ነው። እዚያ ከ1973 ጀምሮ የምርምር ጣቢያ አለ። በ1996 የወጣው ቁጥር አሁንም ያስደንቀኛል። አንዷ አጽጂ በቀን ከ2,000 በላይ ዓሦች ትፈትሻለች፤ 1,200 ያህል ተባይ ትበላለች። ከዚያ የሪፍ (የኮራል ክምር) ቁራጮች ላይ አጽጂዎችን አስወግደው ጠበቁ። በ18 ወር ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩት ዓሦች ዓይነት በግማሽ ቀነሰ። ሌላው ሙከራ 8 ዓመት ተኩል ቆየ፤ ነዋሪዎቹ ዓሦች በቁጥር 37 በመቶ፣ በዓይነት 23 በመቶ አንሰው ተገኙ። የጣት ያህል ዓሣ ስትጠፋ መንደሩ በሙሉ ይሳሳል ማለት ነው።

እንግዲህ ለማየት ልሂድ ወይ? ሜልበርን ለምትኖሩ አዎ። ኬርንስ በርራችሁ በቀን ጀልባ ትወጣላችሁ። ለሌላው ግን ርቀቱ ብዙ ነው፤ ያችኑ ዓሣ ነው የምታዩት። የሚለየው ጎረቤቶቿ መብዛታቸው ነው፤ ባለ ሁለት ቀለሟ ላብሮይደስ ባይከለርም እዚያ አለች። ሪፉ በ2016፣ 2017፣ 2020፣ 2022 እና 2024 በሙቀት ቀለሙን አጥቶ ነጥቷል። ሊዛርድ አካባቢ ከሁለት አውሎ ነፋስና ከ2016ቱ ንጣት በኋላ አጽጂዎቹ ራሳቸው በጣም ተመናምነው ነበር። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የትኛው የሪፍ ክፍል በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠይቁ።

ትልልቅ ደንበኞች ለሚፈልጉ

ማልዲቭስ ማንታ ሬይ ኮራል አናት ላይ እያንዣበበ ይጸዳል። ፊሊፒንስ ማላፓስኳ አጠገብ ረጅም ጭራ ያለው ትሬሸር ሻርክ ከጥልቁ ወጥቶ በማለዳ ይመጣል፤ የምታጸዳው ያችው ሰማያዊዋ ናት። ሜክሲኮ ሬቪያሂሄዶ ደሴቶች ላይ ማንታውን የሚያጸዳው ብርቱካናማው ክላሪዮን ኤንጅልፊሽ ነው። ጋላፓጎስ አካባቢ ደግሞ ቢራቢሮ ዓሣ መዶሻ ራስ ሻርክን ሲያጸዳ ይታያል። ማልዲቭስን ከተውን ሁሉም ጥልቅ ነው፤ ፈቃድና ልምድ ይጠይቃል። ሬቪያሂሄዶና ጋላፓጎስ ደግሞ ጀልባ ላይ ማደር ስላለ ወጪው ከሁሉም ይበልጣል።

አውሮፓ ያላችሁም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። ሜዲትራኒያን ኮራል ሪፍ የለውም፤ ድንጋያማ ጠረፉ ላይ ግን ጭራዋ ጠቆር ያለች ሲምፎደስ ሜላኖሰርከስ ታጸዳለች። የግሪክ ወይም የክሮኤሺያ ዕረፍት ካላችሁ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ።

በአንድ እይታ

| ቦታ | ዋናው አጽጂ | የሥራ ሁኔታ | በመነጽር ብቻ? | የራሱ የሆነ ነገር | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤላት | ሰማያዊዋ ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | አዎ፣ በጣም ቀላል | ባለ አራት መስመሯ ላራቢከስ፤ የመስታወት ማሳያ | እስራኤል ላለ ዝቅተኛ |
| ራስ መሐመድ | ሰማያዊዋ ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | በከፊል | ትልልቅ ደንበኞች | መካከለኛ |
| ጅቡቲ | ሰማያዊዋ ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | አዎ፣ ውኃው ደብዘዝ ይላል | ከኅዳር እስከ ጥር ዌል ሻርክ | ከአዲስ አበባ ዝቅተኛ |
| ፉጃይራ | ሰማያዊዋ ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | አዎ | የአንድ ቀን ጉዞ | ኤምሬትስ ላለ በጣም ዝቅተኛ |
| ፍሎሪዳ | ኒዮን ጎቢ | ኑሮዋ በአብዛኛው ጽዳት | አዎ፣ ግን ዓይን ይጠይቃል | ፓስፖርት አያስፈልግም | አሜሪካ ላለ ዝቅተኛ |
| ቦኔር | ሻርክኖዝ ጎቢ | ኑሮዋ በአብዛኛው ጽዳት | አዎ | ከዳር መግባት፤ ፒደርሰን ሽሪምፕ | መካከለኛ |
| ሃዋይ | የሃዋይዋ ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | አዎ | የትም የማትገኝ ዝርያ፤ የኤሊ ጽዳት | ከፍተኛ |
| ታላቁ ሪፍ | ሁለት ዓይነት ላብሮይደስ | ሙሉ ጊዜ | አዎ፣ በጀልባ | የደንበኛ ብዛት | ከፍተኛ |
| ሬቪያሂሄዶ | ክላሪዮን ኤንጅልፊሽ | ትርፍ ሰዓት | አይ | ማንታ | በጣም ከፍተኛ |

ለማን የቱ?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ፣ ከልጆች ወይም ከወላጆች ጋር ለምትሄዱ፣ ኤላት። ሌላ ቦታ አትድከሙ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ገንዘብ ለምትቆጥቡ ጅቡቲ፤ መነጽሩን ግን የራሳችሁን ግዙ፤ የኪራዩ ብዙ ጊዜ ውኃ ያስገባል። ዳይቪንግ ለምታውቁና ሳምንት ላላችሁ ራስ መሐመድ። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ላላችሁ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ካላችሁ ኪ ላርጎ፣ ሳምንት ካላችሁ ቦኔር። ዝርያ ለምትሰበስቡ፣ ያላያችሁትን ለማየት ለምትጓዙ፣ መጀመሪያ ሃዋይ፣ ቀጥሎ ካሪቢያን። ትልቅ ደንበኛ ለምትፈልጉ ከማልዲቭስ ጀምሩ፤ ፊሊፒንስንና ሜክሲኮን ልምድ ካገኛችሁ በኋላ አድርጉት።

የትም ብትሄዱ ማለዳ ግቡ። ደም የሚመጥጡት ጥቃቅን ተባዮች ሌሊት ስለሚያጠቁ ደንበኛው ጠዋት ይበዛል። ጎላ ብሎ የቆመ ኮራል ፈልጉ። ራሱን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ዘቅዝቆ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ ሳይዋኝ የቆመ ዓሣ ካያችሁ ጣቢያው እዚያ ነው። ሦስት ሜትር ያህል ራቁ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቁ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠጋ ስል ደንበኛው ሁሉ ጥሎ ሄደ። በሕንድና በፓሲፊክ ውቅያኖስ አንድ አስመሳይም አለ፤ አስፒዶንተስ ይባላል። መልኩ ልክ እንደ አጽጂዋ ነው፤ ቀርቦ ግን ክንፍ ይነክሳል። አፉን እዩ፤ የእሷ ፊቷ ጫፍ ላይ ነው፣ የእሱ ከአፍንጫው ሥር ነው።

ቤቴ አምጥቼ ባኖራትስ?

ይህን ጥያቄ በተለይ ከባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ይልኩልኛል፤ እዚያ የጨው ውኃ አኳሪየም ያላቸው ብዙ ናቸው። ሰማያዊዋን ላብሮይደስ አትግዙ። አንድ ጓደኛዬ ገዝቶ ነበር። መጀመሪያ ሳምንት ስትጨፍር አየናት፤ በሦስተኛው ሳምንት ከሳች፤ በአራተኛው የለችም። ስድስት ዓሣ ያለው ሣጥን ውስጥ በቀን 1,200 ተባይ ከየት ይመጣል? ተባዩ ሲያልቅ ደግሞ የዓሦቹን ዝልግልግ እየነከሰች ታስጨንቃቸዋለች። የሃዋይዋ ደግሞ ከዚህም የባሰች ናት፤ ሣጥን ውስጥ አትቆይም። ነጭ ነጠብጣብ በሽታን ታድናለች የሚሉትንም አትመኑ። ያ ተባይ ከዓሣው ቆዳ ሥር ስለሚቀበር አፏ አይደርስበትም።

የግድ ካላችሁ ኒዮን ጎቢ ግዙ። በእርባታ የምትገኝ ናት፤ የተዘጋጀ ምግብ ትበላለች፤ የእርባታዋን ከገዛችሁ ከባሕር ማንም አይነጥቃትም። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የእርባታ ናት ወይስ የባሕር? በትክክል ካልመለሰላችሁ ውጡ።